የጅቡ ታሪክ አላላውስ አለኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሱፐርናቹራልን (ጭራቅና መንፈስ እያሳደዱ ስለሚያጠፉ ሁለት ወንድማማቾች የሚተርከውን የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ) 15ቱንም ሲዝን፣ 327ቱንም ክፍል አይቼ ጨርሻለሁ። እናቴ «ዛሬም ጋኔን ላይ አፍጥጠሃል?» እያለች ታማትብብኛለች።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ሜሪላንድ ከአክስቴ ልጆች ጋር «ሞንስተር ኦፍ ዘ ዊክ» እንጫወታለን፤ ተጫዋቾቹ አዳኝ ሆነው ጭራቁን መርምረው የሚደርሱበት የትረካ ጨዋታ ነው። ታሪኩን የምመራው ተራኪ እኔ ነኝ። ተጫዋቹ ሁለት ዳይስ ጥሎ ይደምራል፤ የራሱ ነጥብ ተጨምሮበት 10 ከሞላ ተሳካለት፣ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይሳካል ግን ዋጋ ያስከፍለዋል፣ ከዚያ ካነሰ እኔ ጉድ አመጣበታለሁ (ይህን ቦታ እወደዋለሁ)።

ለሚቀጥለው ጨዋታ ሌሊት ጅብ የሚሆን ሰው አሰብኩ። ሁለት ቦታ ላይ ተጣበቅሁ። አንደኛ፣ ልጆቹ በአያታችን ተረት ያደጉ ስለሆኑ ገና «ጅብ ጮኸ» ስል «ቡዳ ነው!» ብለው ምርመራውን በአምስት ደቂቃ ይጨርሱታል።

ሁለተኛው ይከብደኛል። በቡዳ ስም ሲገለሉ የኖሩት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። ያንን ስድብ ለጨዋታ ብዬ መድገም አልፈልግም። ተከታታዩ ውስጥ መንፈስን የሚያባርረው ጨውና ብረት ነው፤ በእኛ ተረት ግን የሚጠረጠረው ብረት የሚቀጠቅጠው ሰውዬ ነው! እናም ቀጥቃጩን ንጹሕ አድርጌ፣ ብረቱን የሚሠራላቸው እሱ እንዲሆን አሰብኩ። ታዲያ ጅቡ ማን ይሁን? ጥርጣሬውን ሳልሰብክ እንዴት ላሳስታቸው? ተራኪ ሆናችሁ የምታውቁ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ አንድ ነገር በሉኝ።