ጥቆማ፦ ለዱቄት ፋብሪካ የጩኸት ልኬት ማንን እንጥራ? ምንስ እንግዛ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ የዱቄት ፋብሪካ በሰው ሀብት ክፍል እሠራለሁ። የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ባለሙያዎች መጥተው የወፍጮ አዳራሹን ጩኸት አስለክተን ውጤቱን በጽሑፍ እንድናቀርብ ነግረውናል። ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቤያለሁ። አንዱ ከአዲስ አበባ አማካሪ ድርጅት፣ ሁለተኛው ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ቡድን የመጣ ነው። ሦስተኛው አስመጪ መለኪያውን ሸጦልን ራሳችን እንድንለካ ይመክራል። ዋጋቸው እጅግ ይራራቃል። ሥራችን በሦስት ፈረቃ ነው፤ ሰው ሲጎድል ግን አንዳንዱ በቀን እስከ 12 ሰዓት ይሠራል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ ፕሮፎርማዎቹን ከማወዳደርዎ በፊት ሦስቱም ምን ለመለካት እንዳሰቡ ይመልከቱ። ብዙ ጊዜ ለፋብሪካ የሚቀርበው ሪፖርት የማሽን ዝርዝር ነው፤ ሮለር ወፍጮው ይህን ያህል፣ ማበጠሪያው ይህን ያህል፣ ብሎወሩ (አየር የሚነፋው ማሽን) ይህን ያህል ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ይላል። ይህ የክፍሉን ጩኸት ይነግርዎታል እንጂ የሠራተኛውን ጆሮ አይነግርዎትም። ጆሮን የሚጎዳው የጩኸቱ መጠንና አብሮት የሚቆዩበት ሰዓት ተደምረው ነው። በብዙ አገሮች የተለመደው ገደብ ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ሲሆን፣ ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ደግሞ 2 ሰዓት ብቻ ይሆናል፤ 100 ላይ ሲደርስ ሩብ ሰዓት ይቀራል።

ለምሳሌ አንድ ኦፕሬተር በወፍጮው አዳራሽ 92 ዴሲቤል ላይ 6 ሰዓት፣ በብሎወሩ ክፍል 97 ላይ 1 ሰዓት፣ በመቆጣጠሪያ ክፍል 75 ላይ 1 ሰዓት ቢውል የቀኑ መጋለጥ፣ ማለትም በ8 ሰዓት የተሰላው አማካይ፣ 92.6 ዴሲቤል ገደማ ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ሲሶው የመጣው ከዚያች ከአንዷ ሰዓት ነው። የማሽን ዝርዝር ብቻ ያለው ሪፖርት ይህን አያሳይዎትም። ብሎወሩን በድምፅ መከላከያ ግድግዳ መክለል ወይስ የኦፕሬተሩን ምልልስ መቀነስ እንደሚሻልም ከእርሱ አያገኙም።

ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥዎ በፊት አንድ ወይም ሁለት ገጽ ቢጋር (የሚፈልጉትን ሥራ የሚዘረዝር ሰነድ) ይጻፉ። በቢጋሩ ልኬቱ በአይሶ 9612 (በሥራ ቦታ የጩኸት መጋለጥን ለመለካት የወጣ ዓለም አቀፍ ደረጃ) መሠረት እንዲሆን፣ ውጤቱም በእያንዳንዱ የሥራ መደብ የ8 ሰዓት መጋለጥ ሆኖ እንዲቀርብ ይጠይቁ። የመሣሪያው ዓይነትና የመጨረሻው ካሊብሬሽን (የትክክለኛነት ፍተሻ) ቀን ከምስክር ወረቀቱ ቅጂ ጋር፣ የእያንዳንዱ ልኬት ጥሬ መረጃም ከሪፖርቱ ጋር እንዲሰጥ ያስገድዱ። ይህ ቢጋር ሲደርሳቸው የሦስቱም ዋጋ ይለወጣል፤ ማወዳደር የሚቻለውም ያን ጊዜ ነው።

እኔ ብሆን የዩኒቨርሲቲውን ቡድን አስቀድማለሁ። ዋናው ምክንያቴ ቅርበታቸው ነው። ጥሩ ልኬት በአንድ ቀን ጉብኝት አያልቅም። የደብረ ማርቆስ ወይም የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ መምህራን የሌሊቱን ፈረቃ ለመለካት ተመልሰው መምጣት ይቀልላቸዋል፤ የዓባይን በረሃ አቋርጦ የሚመጣ አማካሪ ግን ተጨማሪውን ቀን በአበልና በትራንስፖርት ያስከፍልዎታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም የአካባቢና የሥራ ጤናና ደኅንነት ትምህርት ክፍል ስላለው መጠየቅ አይጎዳም። ነገር ግን ቡድኑ ዶዚሜትር እንዳለው ያረጋግጡ። ዶዚሜትር ትከሻ ላይ ተሰክቶ ከሠራተኛው ጋር የሚውል መለኪያ ነው። ፈረቃውን ሙሉ የሚንቀሳቀሱ የጥገና ሠራተኞችንና የጽዳት ሠራተኞችን ያለ እርሱ በትክክል መለካት በጣም አድካሚ ነው። በእጅ የሚያዝ መለኪያ ብቻ ይዘው የሚመጡ ከሆነ ቋሚ ቦታ ላለው ኦፕሬተር ይበቃሉ፤ ለጥገና ሰው ግን አይበቁም። ልኬቱን ለምርምር ጽሑፍ የሚጠቀሙበት ከሆነም የሠራተኞቹ ፈቃድና የፋብሪካው ስም አያያዝ አስቀድሞ በጽሑፍ ይለይ።

የአዲስ አበባው አማካሪ የሚመረጥበት ሁኔታም አለ። ሪፖርቱን አበዳሪ ባንክ ወይም የውጭ ገዢ የሚመለከተው ከሆነ፣ በዚህ ሥራ የተፈተነ ድርጅት ማኅተም ክርክር ያሳጥራል። ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ብቻ ከሆነ ግን ለዞኑ ሥራና ሥልጠና መምሪያ ደውለው የማንን ሪፖርት እንደሚቀበሉ አስቀድመው ይጠይቁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤና እንዲጠብቅ፣ ስለ አደጋውም እንዲያሳውቃቸው ግዴታ ይጥልበታል። ውጤቱ በኃላፊዎች መሳቢያ ተቆልፎ መቅረት የለበትም፤ በሠራተኛው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ሦስተኛው፣ የአስመጪው ሐሳብ፣ ለብቻው አይበቃም። በገበያ በብዛት የሚገኙት እንደ ዩኒ ቲ ያሉ ርካሽ መለኪያዎች የሚያሳዩት በዚያች ቅጽበት ያለውን ቁጥርና ከፍተኛውን ነው፤ የጊዜውን አማካይ አያሰሉም። ይሁን እንጂ ለቅድመ ዳሰሳ እጅግ ይጠቅማሉ። የትኛው ክፍል ከ80 ዴሲቤል በታች እንደሆነ ካወቁ ባለሙያው ጊዜውን እዚያ አያባክንም። መግዛት ካለብዎት አማካዩን ራሱ የሚያሰላ፣ ቢያንስ የክፍል 2 (Class 2) የትክክለኛነት ደረጃ ያሟላ መለኪያና ካሊብሬተር (መለኪያውን በታወቀ ድምፅ የሚፈትሽ መሣሪያ) አብረው ይግዙ። ካሊብሬተር የሌለው መለኪያ ዛሬ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ የለም። ከልኬት በፊትና በኋላ ሲፈተሽ ከ0.5 ዴሲቤል በላይ ከተለያየ የዚያ ቀን ውጤት ይጣላል። ካሊብሬተሩንም በየሁለት ዓመቱ ማስፈተሽ ይገባል፤ ለዚህ የኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የድምፅ መሣሪያ ይቀበል እንደሆነ ከመግዛትዎ በፊት ይደውሉ።

የከፍታ ነገርም አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። በፒስተን የሚሠራ ካሊብሬተር የግፊት ማስተካከያ ካልተደረገለት እዚህ ወደ 2.5 ዴሲቤል ያሳስታል። ባለሙያው ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ይዞ መምጣቱን ወይም ካሊብሬተሩ ግፊቱን ራሱ የሚያስተካክል መሆኑን ይጠይቁት። መልሱን ሳያመነታ ከሰጠ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው።

አስተያየት፣ ከቡሬ፣ በጥገና ክፍል የሚሠራ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ነው። የልኬቱን ቀን ግን አትርሱ። እኛ ዘንድ በነሐሴ ስንዴ ሲያጥር ግማሹ መስመር ይቆማል፤ ያን ጊዜ የተለካው ውጤት ያማረ ቢሆንም እውነቱን አይናገርም። ከመኸሩ በኋላ፣ ከጥር እስከ መጋቢት፣ ሁሉም መስመር ሲሠራ ይለካ። መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተርም አለ፤ የጄኔሬተር ሠራተኛው ለብቻው ይለካ። ጎተራው ሲደፈን በመዶሻ የሚመታውን ሰውም አስቡት። ያ ድንገተኛ ምት በአማካዩ ውስጥ ይደበቃል፤ ከፍተኛው ጫፍ በሲ ሚዛን (C፣ ለድንገተኛ ኃይለኛ ድምፅ የሚመረጠው የመለኪያው ሁነታ) ተለይቶ መመዝገብ አለበት።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጫኝና አውራጆቻችን 12 ናቸው። ሁሉም ላይ ዶዚሜትር ማንጠልጠል አለብን? ሥራ አስኪያጁ ደግሞ የጆሮ መሰኪያ ገዝተን ብናድል ልኬቱ ምን ያደርጋል ይላሉ።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ሁሉም ላይ አያስፈልግም። ሥራቸውና መጋለጣቸው ተመሳሳይ ከሆነ እንደ አንድ ቡድን ይቆጠራሉ። በአይሶ 9612 ስሌት ለ12 ሰዎች ቡድን በድምሩ ቢያንስ 8 ሰዓት ተኩል የሚሸፍን፣ ከ5 ያላነሰ ናሙና ይበቃል። ናሙናዎቹ ለተለያዩ ሰዎችና ለፈረቃው የተለያዩ ሰዓቶች ይከፋፈሉ። ጠዋት መኪና ሲጫን ብቻ ለክቶ መሄድ አይቻልም። በቀን እስከ 12 ሰዓት የሚሠሩት ደግሞ በሪፖርቱ ለብቻቸው ይሰሉ፤ በተመሳሳይ ጩኸት ከ8 ወደ 12 ሰዓት መራዘም የቀኑን መጋለጥ ወደ 1.8 ዴሲቤል ከፍ ያደርገዋል። ዶዚሜትር የተሰካለት ሰው መሣሪያው ንግግር እንደማይቀዳ አስቀድሞ ይነገረው። ሰው ከፈራው ይሸፍነዋል፣ ወይም ኦፊስ አስቀምጦት ይሄዳል።

ሥራ አስኪያጁ የመሰኪያውን ዋጋ እንጂ የሚቀንሰውን ጩኸት ልክ አላሰቡም። በማሸጊያው ላይ 29 ተብሎ የተጻፈበት የስፖንጅ መሰኪያ በፋብሪካ ውስጥ 29 ዴሲቤል አይቀንስም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ኒዮሽ በ1998 እ.ኤ.አ. የመከረው ስሌት ለስፖንጅ መሰኪያ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሶ ከዚያ 7 መቀነስ ነው፤ የሚቀረው 7.5 ዴሲቤል ብቻ ነው። የ92.6ቱ ኦፕሬተር ወደ 85 ይወርዳል፣ ገደቡ ላይ ቆመ ማለት ነው። 25 የተጻፈበት የጆሮ መሸፈኛ በዚሁ ስሌት ከ7ቱ በፊት ሩብ ብቻ ስለሚቀነስበት ወደ 11.75 ይሰጣል፤ ያው ኦፕሬተር ከ81 በታች ይሆናል። ስለዚህ ለወፍጮ ኦፕሬተርና ለብሎወር ክፍል መሸፈኛውን፣ ለአጭር ጊዜ ገብተው ለሚወጡት መሰኪያውን እመርጣለሁ። መሸፈኛው ግን በሻሽ ወይም በቆብ ላይ ከተደረገ አየር ያስገባል። ሴት ሠራተኞቻችሁ ሻሹን ከጆሮ ኋላ እንዲያስሩት አብራችሁ ተለማመዱ። መሰኪያውንም በዱቄት እጅ መጠቅለል ጆሮን ያቆስላል፤ የእጅ መታጠቢያው በበሩ አጠገብ ይሁን።

መጋለጣቸው ከ85 በላይ ለሆነ ሠራተኞች የመስማት ምርመራ ያስፈልጋል። ባሕር ዳር ወደሚገኙት ሪፈራል ሆስፒታሎች ሠራተኞቹን በመኪና ከመላክዎ በፊት የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍሉ ኦዲዮሜትር (የመስማት መመርመሪያ መሣሪያ) እየሠራ እንደሆነና በስንት ቀን ስንት ሰው እንደሚቀበል በስልክ ይጠይቁ። ከምርመራው በፊት 14 ሰዓት ከጩኸት የራቁ መሆን ስላለባቸው የሌሊት ፈረቃ ወጥተው በቀጥታ እንዳይሄዱ የፈረቃ ሰሌዳውን አስቀድመው ያስተካክሉ።

ቢጋሩን ጽፈው ሲጨርሱ እዚሁ ቢያስቀምጡልን በደስታ አነባለሁ። የቡሬው ወንድማችንም ስለ ጎተራውና ስለ ጄኔሬተሩ የጎደለ ካለ ይጨምርበታል።