የ1,800 ግራም ጨቅላ ሙቀት ከ36.2 ከፍ አልል አለ፤ ምን አመለጠን?

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱን። ሕፃኗ 2 ቀኗ ነው። በብብት ስትለካ 36.2 ናት፤ መሆን ያለበት ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። ትንፋሿ በደቂቃ 52፣ የልብ ምቷ 138፣ የደም ስኳሯ 58፤ ጡት በደንብ ትጠባለች።

ጨቅላ እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ አይሞቅም፤ ቡናማ ስቡን ነው የሚያቃጥለው፣ እሷ ደግሞ ያላት ጥቂት ነው። በእናቷ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ታቅፋ ትውላለች፤ ኮፍያና ካልሲ አድርጋለች፣ ክፍሉ 25 ዲግሪ ነው፣ ዳይፐሯም ደረቅ ነው። ሆዷ ሲነካ ይሞቃል፣ እግሯ ግን በረዶ ነው።

የጠረጠርነው አንድ ነገር ነው፦ እናትየው በተነሳች ቁጥር ሕፃኗ 20 ደቂቃ ያህል ቀዝቃዛ አልጋ ላይ ትቆያለች። ይህ ብቻውን እንዲህ ያወርዳታል? ወይስ የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳንጠብቅ ደም እንላክ?