በ1904ቱ የ«ፐክ» ካርቱን ላይ ያለው ፊርማ የእጅ ነው ወይስ የኅትመት?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
የድሮ የአሜሪካ የስላቅ መጽሔቶችን ፖለቲካዊ ካርቱኖች አሰባስባለሁ። አሁን ልገዛው ያሰብኩት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1904 በኒው ዮርኩ «ፐክ» መጽሔት የወጣውን፣ ስታንዳርድ ኦይል የተባለው የነዳጅ ኩባንያ በኦክቶፐስ ተመስሎ የአሜሪካን ምክር ቤት ሕንፃ በክንዱ ጠምጥሞ የሚታይበትን ሥዕል ነው። ሻጩ «የመጽሔቱ መሥራች ጆሴፍ ኬፕለር በእጁ የፈረመበት» በማለት ከተራው ቅጂ ብዙ እጥፍ ጠይቆበታል፤ በላከልኝ ፎቶግራፍ ላይም «ኬፕለር» የሚል ስም በግልጽ ይነበባል። የእጁ ፊርማ መሆኑን በምን ላረጋግጥ እችላለሁ?

ምላሽ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ጠያቂያችን፣ ለጊዜው ገንዘብዎን ይያዙ። መሥራቹ ኬፕለር ያረፈው በ1894 ስለሆነ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላ በታተመ ሥዕል ላይ ሊፈርም አይችልም። ሠዓሊው ልጁ ኡዶ ኬፕለር ሲሆን፣ ከአባቱ ሞት በኋላ ጆሴፍ የሚለውን ስም በመውሰዱ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል፤ ሻጭ ሲያምታታቸው ግን ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ውዱ ማዘንበሉ ይገርመኛል። በፎቶግራፉ የሚታየው ስም ከሥዕሉ ጋር አብሮ የታተመ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ይገኛል። በእርሳስ የተፈረመ ቢሆን ኖሮ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘንብለው ሲያዩት ጭረቱ ያብለጨልጭ ነበር። በአጉሊ መነጽርም ይመርምሩት፦ የዚያ ዘመን የድንጋይ ኅትመት (ሥዕሉ በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተምበት ዘዴ) ነጠብጣቦች ወጣ ገባ ናቸው፤ በረድፍ ተደርድረው ካዩ ግን በእጅዎ ያለው ኋላ የተባዛ ቅጂ ነው።

ምላሽ፣ ከአንኮበር፦
ፊርማው የኅትመት መሆኑ ሥዕሉን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። ሥዕሉ የመጽሔቱን መካከለኛ ሁለት ገጾች የያዘ በመሆኑ፣ ከመጽሔቱ የወጣ ከሆነ መሃሉ ላይ እጥፋት፣ ጀርባው ላይም የሌሎች ገጾች ኅትመት ሊኖር ይገባል። «ሃርፐርስ ዊክሊ» በተባለው ሌላ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጡ የካርቱን ሠዓሊው ቶማስ ናስት ሥራዎች ባለቀለም ሆነው ከቀረቡልዎም ይጠንቀቁ፤ በእንጨት ቅርጽ በጥቁር ቀለም ብቻ የታተሙ ነበሩና ቀለሙን የጨመረው ሌላ እጅ ነው። (እኛ ሸዋዎች አስቀድመን የምንፈልገው፣ ዳግማዊ ምኒልክን በ1897 ያወጣው «ቫኒቲ ፌር» የለንደን መጽሔት ስለሆነ ከዚህ ስብስብ ውጭ ነው።)

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእጥፋቱንና የጀርባውን ፎቶግራፍ እንዲልክልኝ ሻጩን ጠይቄዋለሁ፤ ሁለቱም ካሉ በተራው ቅጂ ዋጋ እገዛዋለሁ። በመስታወት ላስገባው ስለማስብ፣ አያያዙን የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ምላሽ፣ ከመሐል ሜዳ፦
መስታወቱ ወረቀቱን እንዳይነካው በመካከላቸው የካርቶን ክፈፍ ያስገቡ፤ የደብረ ብርሃን ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ በመስታወቱ ላይ የሚቋጠረው እርጥበት ወረቀቱን ያጣብቀዋል። ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ይስቀሉት፤ የተቀደደ ቦታ ቢኖረውም ፕላስተር አይለጥፉበት።