ከሱቅ ጋር የተረከብነው የዝሆን ጥርስ፣ የጉሬዛ ቆዳና የሰጎን እንቁላል፦ የትኛው ይሸጣል?

ባለሱቋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከነዕቃው ተረክበናል። መደርደሪያው ላይ የዝሆን ጥርስ ናቸው የተባሉ 3 ነጭ የአንገት መስቀሎች፣ አንድ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍና ሥዕል ያለባቸው 2 የሰጎን እንቁላሎች አሉ። የቀድሞው ባለቤት «ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የነበሩ ናቸው፣ ችግር የለም» ብለዋል። ከአሜሪካ የመጣ ደንበኛ አንዱን መስቀል ፈልጓል፤ የእሬት ችግኝም ይዞ መሄድ ይችል እንደሆነ ጠይቋል። ምን ትላላችሁ?

ዳኝነት፦
መስቀሉን አትሽጪ። እንዲያውም ዛሬውኑ ከመደርደሪያ አውርጂው።

አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳት ውጤት መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 30,000 ብር ወይም ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ነው፤ ሁለቱም ሊጣመሩ ይችላሉ።

«ከደርግ ጊዜ» የሚለው ወሬ አያድንም። የአፍሪካ ዝሆን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው፣ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ዝርዝር ውስጥ መጀመሪያ የገባው በ1968 ዓ.ም. ነው፤ ደርግ ደግሞ ከ1967 እስከ 1983 ስለገዛ፣ አባባሉ ከዝርዝሩ በፊትም በኋላም ሊውል ይችላል። የሚያስፈልገው ቀን ያለው ሰነድ ነው። ከሌለ የእኛ ዝሆን አባሪ አንድ (የንግድ ዝውውራቸው የተከለከለ ዝርያዎች ዝርዝር) ላይ ስለሆነ ለንግድ አይወጣም፤ ቢኖርም እንኳ አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በሩን ዘግታለች ማለት ይቻላል።

ሰዎች የሚስቱት የሰጎኑ እንቁላል ላይ ነው። ሳይቲስ የዘረዘረው የሌሎች አገሮችን ሰጎን እንጂ የእኛን አይደለም፤ ስለዚህ «ነጻ ነው» ይባላል። አይደለም። የአገር ውስጡ ሕግ የሳይቲስን ዝርዝር አይጠብቅም። ጉሬዛ አባሪ ሁለት (በፈቃድ ብቻ የሚነገዱ ዝርያዎች ዝርዝር) ላይ ነው፤ ያለ ፈቃድ እሱም ያው ነው።

አጉሊ መነጽር፦
መጀመሪያ የዝሆን ጥርስ መሆኑ ይረጋገጥ፤ የከብት አጥንት ከሆነ በከንቱ ትጨነቂያለሽ። 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር በቂ ነው። አጥንት ላይ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጥቦች ወይም አጫጭር ጭረቶች ይታያሉ፤ ቅባትና ደም ይተላለፍባቸው የነበሩ ቀዳዳዎች ናቸው። የዝሆን ጥርስ ላይ ነጥብ የለም፤ በአግድም በተቆረጠው ገጹ ላይ ግን እንደ ወንፊት የተጠላለፉ መስመሮች አሉት። ችግሩ መስቀል በቁመት ስለሚቀረጽ ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ሊታይ መቻሉ ነው፤ የግርጌውን ጫፍና የክንዶቹን ጫፍ ዞር አድርገሽ እዪ። መስመሩ ሁሉ እኩል ተራርቆ ከተደገመ ፕላስቲክ ነው።

የጋለ መርፌ የሚሉሽን አትስሚ። ዕቃውን ያበላሻል፤ አጥንትና ጥርስንም አይለይም፣ ሁለቱም ሲቃጠሉ የሚሸቱት አንድ ዓይነት ነው።

የእሬት ዘር፦
ስለ ችግኙ። ለገበያ የሚመረተው አሎ ቬራ ከሳይቲስ ውጭ ነው፤ ሌላው እሬት በሙሉ ተዘርዝሯል፣ አብዛኛው አባሪ ሁለት ላይ። ከሸዋ ደጋ የሚነቀለው አሎ ደብራናም እዚያው ውስጥ ነው። ስለዚህ የወጪ ፈቃድ፣ ከግብርና ባለሥልጣን የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት፣ በጀነቲክ ሀብት አዋጁ፣ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ደግሞ ከብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ላይ «እሬት» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ ቦሌ ላይ ይቆማል፤ ሙሉ ሳይንሳዊ ስሙና ቁጥሩ መኖር አለበት። ፎቶ ኮፒ አይሠራም፣ የወጪ ፈቃዱም ከ6 ወር በላይ አያገለግልም። «እንግዲያው ዘሩን ልውሰድ» ለሚል፦ የአባሪ ሁለት እሬት ዘር ከሳይቲስ ቢያመልጥም ከ482 አያመልጥም።

ባለሱቋ፦
አመሰግናለሁ። ሁለቱ መስቀሎች ነጥብ አላቸው፣ አጥንት መሆናቸው ነው። አንዱ ግን ግርጌው ላይ መረቡ ይታያል። ልጣለው?

ዳኝነት፦
አይጣልም፣ ለዘመድም አይሰጥም። ከቆዳውና ከእንቁላሎቹ ጋር ፎቶ አንሺው፣ መዝኚውና ዝርዝሩን ጻፊ። ሱቁን ስትረከቡ የተፈራረማችሁት ውል ኮፒ አያይዘሽ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በደብዳቤ አሳውቂ። ዕቃውን በታክሲ ይዘሽ አትዙሪ፤ መንገድ ላይ ብትያዢ «ላስረክብ ነበር» ማለት ከባድ ነው። አስቀድመሽ ደውለሽ እንዴት እንደሚረከቡሽ ጠይቂ። ስታስረክቢም ክብደቱ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለው የርክክብ ሰነድ ሳትይዢ አትውጪ። መንግሥት የተያዘውን የዝሆን ጥርስ መልሶ አይሸጥም፤ መጋቢት 2007 ላይ 6.1 ቶን የሚሆነውን ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ውስጥ አቃጥሎታል።