ጣሪያው የሚነሳ ካምፐር መካከለኛ ፒካፕ ላይ ይሄዳል?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። ባለ ሁለት ጋቢና ፒካፕ አለኝ፤ ካሶኒው 1.5 ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው ወደ ላይ የሚነሳ ያገለገለ ካምፐር (ካሶኒ ላይ የሚጫን ማደሪያ ክፍል) አይቼ ልቤ ሄዷል። ሻጩ ባዶውን 400 ኪሎ ነው ይላል። በሾፌሩ በር መቃን ላይ ደግሞ የመኪናው የመጫን አቅም 520 ኪሎ ተብሎ ተለጥፏል። 120 ኪሎ ይተርፈኛል፣ አይደል?

መልስ፦ ኧረ አይተርፍህም! 520ው ውስጥ አንተም አለህበት። ከባለቤትህ ጋር 140 ኪሎ ብትሆኑ አለቀ። 40 ሊትር ውሃ 40 ኪሎ ነው። ባትሪ፣ ጋዝና ፍራሽ ገና አልቆጠርንም። እኔም «ባዶውን» የምትለዋን ቃል አምኜ ገዛሁ። ጓዜን ጭኜ ሚዛን ላይ ስወጣ ከተፈቀደው በ130 ኪሎ አልፌ ተገኘሁ። መኪናው ከኋላ ቁጭ ብሎ፣ ማታ የፊት መብራቴ መንገዱን ትቶ ዛፍ ጫፍ ያበራ ነበር።

ጠያቂ፦ ባሌስትራ ባስጨምርስ?

መልስ፦ ቁመናው ይስተካከላል እንጂ የተፈቀደው ክብደት አይጨምርም። ፍሬኑም አክሰሉም ያው ናቸው። ደግሞ ካሶኒህ አጭር ነው። ክብደቱ ከኋላ አክሰል አልፎ ከተንጠለጠለ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው ይዋኝብሃል።

ሌላ መልስ፦ ማሰሪያውንም አትርሱ። እኔ የካሶኒውን ጠርዝ ብቻ ተማምኜ ቆርቆሮው ተጣመመብኝ። አሁን ከሻሲው ጋር ነው የማስረው፤ ከሥር የጎማ ምንጣፍ አለው። ትንሽ ከነዳሁ በኋላ ወርጄ እንደገና አጠብቃለሁ፤ ሁሌም ይላላል።

ጠያቂ፦ ሻጩን ሚዛን ላይ እናውጣው አልኩት። እስካሁን አልመለሰልኝም።