ልጄ ዘመድ ቤት ስንገባ ጭጭ ትላለች፤ ምን ላድርግ?

ልጅ ያሳደጋችሁ እስቲ ምከሩኝ። ልጄ ሁለት ዓመት ከሰባት ወሯ ነው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ የምንኖረው ግን አዳማ ነው። አባቷ በኦሮምኛ፣ እኔ በአማርኛ ነው የምናወራት። ቤት ውስጥ አፏ አያርፍም። ለጥምቀት ጎንደር ከመጣን ወዲህ ግን ድምጿ ጠፋ።

በቀን ሦስት አራት ቤት እንገባለን፦ ፒያሳ አክስቴ ጋ፣ አዘዞ አጎቴ ጋ፣ ማራኪ ጓደኛዬ ጋ። ገና ጫማዋን ሳላወልቅላት ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች፣ ጉንጯ እስኪቀላ ትሳማለች፣ ከዚያ «በይ አውሪ እንጂ!» ይመጣል።

ትናንት አክስቴ ቤት «ቢሻን» አለች፤ ውኃ ማለቷ ነው። አክስቴ መጀመሪያ ሻይ ሰጧት፣ ቀጥለው ድፎ ዳቦ። ብርጭቆውን ገፍታ ነጠላዬ ውስጥ ተሸጎጠች። «ሁለት ቋንቋ ተምታቶባት ነው፣ አንዱን ተዉት» ተባልን። በዚህ ዕድሜ ቋንቋ መቀላቀል ያለ ነገር እንደሆነ፣ ሁለት ቋንቋም አፍ መፍታትን እንደማያዘገይ አውቃለሁ። ግን ቡና እየተጠጣ ይህን ለታላላቆቼ በምን አፌ ላስረዳ? ባሌ ሰምቶ ዝም አለ። እሱ ነው የከበደኝ።

ነገ ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ያን ሁሉ ሕዝብና እልልታ እንዴት እንደምትችለው እንጃ። ከጥር 12 በኋላም ገና ያልገባንባቸው ቤቶች አሉ። ልቀንሳቸው? ቀረችብን ይሉኛል። አባቷስ በሰው ፊት በኦሮምኛ ቢያወራት ነውር ይሆንብናል? «ትንሽ ቆይታ ትለምዳችኋለች» የሚለውን ሳታስቀይሙ የተናገራችሁ ካላችሁ፣ ያላችሁትን ቃል እንዳለ ጻፉልኝ።