አሮጌ ፕሪንተርና ላፕቶፕ አዲሱን ዋይፋይ አልይዝ ላላችሁ፣ ባህር ዳር

ሽምብጥ ያለኸው ወንድሜ፣ ፋይበር ካስገባህ ወዲህ ፕሪንተርህ ዋይፋዩን አላይ ስላለህ ሌላ ልትገዛ ነው አይደል? እባክህ ትንሽ ቆይ፣ ሰው ብሩን በከንቱ የሚያወጣው እዚህ ጋ ነው።

አብዛኛው የድሮ ዕቃ የሚያውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ የሚባለውን የዋይፋይ ሞገድ ብቻ ነው፣ አዳዲሶቹ ራውተሮች ደግሞ 2.4ንና 5ን በአንድ ስም ቀላቅለው ይለቁታል፣ በዛ ላይ ሴኩሪቲው (የዋይፋዩ ጥበቃ ዓይነት) ደብሊውፒኤ 3 ብቻ ከሆነ እሱ የመጣው በፈረንጆች 2018 ስለሆነ የድሮው ዕቃ ስሙን ቢያየውም እንኳ ፓስዋርዱን በትክክል ጽፈህ አይገባልህም፣ ዊንዶውስ 7 ያለው ላፕቶፕም እንደዛው ነው። ስለዚህ ራውተሩ ስር በተለጠፈው አድራሻ በብሮውዘር ግባና የ2.4ንና የ5ን ስም ለያይ፣ ሴኩሪቲውን ደብሊውፒኤ 2 ወይ የ2ና የ3 ድብልቅ አድርገው። የ2.4 ቻናሉም (ዋይፋዩ የሚሰራበት የመስመር ቁጥር) ከ11 አይለፍ፣ 12ንና 13ን ጭራሽ የማያዩ ዕቃዎች አሉ። የኢትዮ ቴሌኮምም ይሁን የሳፋሪኮም፣ ሜኑው ይለያይ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፣ ሴቲንጉ ከተቆለፈብህ ያስገባልህን ቴክኒሻን ጠይቀው።

ይሄ ካልሰራ ነው ወደ ግዢ የምትሄደው። ለላፕቶፕ ዩኤስቢ ዋይፋይ በቂ ነው፣ ከቲፒ ሊንክ 725ኤን የምትባለዋ ትንሽዬ 2.4 ብቻ ስለሆነች ትንሽ ጨምረህ አርቸር ቲ2ዩ ናኖን ውሰድ፣ እሷ 5ንም ትይዛለች። ለፕሪንተር ግን ዩኤስቢዋ አትሆንም። ጀርባው ላይ የኔት ኬብል ቀዳዳ ካለው በቀጥታ ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኘው፣ እኔ ከሁሉም የማስቀድመው ይሄንን ነው። ራውተሩ ሌላ ክፍል ከሆነ ደግሞ የቲፒ ሊንኩ 850አርኢ የሚባለው ኤክስቴንደር ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ የራሱ የኬብል ቀዳዳ አለው፣ ዋይፋዩን እሱ ይቀበልና ለፕሪንተሩ በኬብል ያቀብለዋል።

ጌስት ኔትወርክ (ለእንግዳ የሚሆን ሌላ ዋይፋይ) ክፈትለት የሚሉህ አሉ፣ ለድሮ ስልክ ጥሩ ነው፣ ለፕሪንተር ግን አልመክርም ምክንያቱም ጌስቱ ከዋናው ተነጥሎ ስለሚሰራ ዋናው ላይ ያለው ላፕቶፕህ ፕሪንተሩን አያገኘውም።

የምትገዛበትን በተመለከተ፣ ገበያ ሄዶ በዋጋ ከመከራከር ፔዳ ግቢ አካባቢ ካሉት ኮምፒውተር ቤቶች ሰክቶ አሰርቶ የሚያሳይህን ምረጥ፣ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም ያዋጣሃል። ላፕቶፑንም ይዘኸው ሂድ።

አደራ የምልህ ግን፣ ማንም ባለሙያ ነኝ ባይ "ሴኩሪቲውን ዌፕ እናድርገው" ወይ "ክፍት እንተወው" ቢልህ እሺ እንዳትል። ዌፕ የሚባለው የድሮ ሴኩሪቲ ከፈረንጆች 2001 ጀምሮ የተሰበረ ነው፣ አሁን በደቂቃዎች ይከፈታል፣ ለአንድ ፕሪንተር ብለህ የልጆቹን ስልክ የባንክ አፕህን ሁሉ የያዘውን ኔትወርክ ለጎረቤት አትክፈት።

የፕሪንተሩን ሞዴል ጻፍልኝ፣ የኬብል ቀዳዳ እንዳለው አይቼ እነግርሃለሁ።